«ሃንስ ጃርቴ»፦ አንድን ፍጡር በብዙ እጆች ሕያው ያደረገው የቴሌቪዥን ተረት

በአንድ አሮጌ አዳራሽ ውስጥ፣ ከሚነድ ምድጃ አጠገብ፣ አፍንጫው የረዘመ ጆሮውም የሰፋ ሽማግሌ ተቀምጧል። ከጎኑ ያለው ውሻ ያዳምጠዋል፤ ሲጠራጠር ይጠይቀዋል፣ ሲጨነቅ ያቋርጠዋል። ሽማግሌው የሚተርከው መውለድ ስላልቻለች አንዲት የገበሬ ሚስት ነው። ሴትየዋ ልጅ ከመናፈቋ የተነሣ፣ እንደ ጃርት እሾህ ለብሶ ቢወለድ እንኳ ግድ እንደሌላት ትናገራለች። ቃሏ መሬት ጠብ አላለም። የተወለደው ልጅ እንዳለችው ሆነ።

ይህ ታሪክ «ሃንስ ጃርቴ» ተብሎ ሊተረጎም የሚችል የቴሌቪዥን ዝግጅት ነው። «ዘ ስቶሪቴለር» ወይም «ተረት ነጋሪው» ከተባለው ተከታታይ የመጀመሪያው ክፍል ሲሆን፣ እአአ ጃንዋሪ 31 ቀን 1987 በአሜሪካው ኤንቢሲ ጣቢያ ታየ። ከማስታወቂያው ጋር ግማሽ ሰዓት ብቻ የሚወስደው ይህ ሥራ በዚያው ዓመት በልጆች ዝግጅት ዘርፍ የኤሚ ሽልማትን አገኘ። ከታየ ብዙ አሥርት ዓመታት ቢያልፉም፣ ተረትን ወደ ቴሌቪዥን ስለማምጣት ሲነሣ ስሙ አሁንም ይጠቀሳል።

ለዚህ ምክንያቱ የተረቱ ጥንካሬ ብቻ አይደለም። ተረቱ ስለ ቆዳና ከቆዳ ሥር ስላለው ሰው ነው። የተሠራበት መንገድም እንደዚያው ነበር። ተዋንያኑ በላስቲክ፣ በፀጉርና በእሾህ ተሸፍነው፣ ከሥሩ ያለው ሰው ለተመልካች እንዲታይ ማድረግ ነበረባቸው። ይህ ካልተሳካ ተረቱ በአስቂኝ ልብስ የሚደረግ ጨዋታ ሆኖ ይቀራል።

ከወንድማማቾቹ መጽሐፍ የተወሰደው እና የተጨመረው

በአማርኛ ጃርት ሲባል ቀድሞ ወደ አእምሮ የሚመጣው ሌሊት ማሳ የሚቆፍረው፣ ረጃጅም እሾህ ያለው ትልቁ እንስሳ ነው። የጀርመኑ ተረት ጃርት ግን በሁለት መዳፍ የሚታቀፍ፣ ሲፈራ እንደ ኳስ የሚጠቀለል ትንሽ ፍጡር ነው። ያኮብ እና ቪልሄልም ግሪም የተባሉት ወንድማማቾች ይህን ተረት እአአ በ1815 ባሳተሙት ሁለተኛ ቅጽ ውስጥ አወጡት። በዛሬው የተረቶቻቸው ስብስብ ቁጥሩ 108 ነው።

በመጽሐፉ «ጃርትም ቢሆን ልውለድ» የሚለው በሰዎች ሽሙጥ የተናደደው አባት ነው። ልጁ ከወገቡ በላይ ጃርት፣ ከወገቡ በታች ሰው ሆኖ ይወለዳል። ስምንት ዓመት ከምድጃ ጀርባ በጭድ ላይ ይተኛል። አባቱ ቢሞት ደስ እንደሚለው በልቡ ያስባል። በመጨረሻ ልጁ የቆዳ ከረጢት ያለው ባግፓይፕ የሚባል የትንፋሽ መሣሪያ እንዲገዛለት አባቱን ይለምናል፤ አውራ ዶሮውንም እንደ ፈረስ ያስጫማል፤ በእርሱ ላይ ተቀምጦ ወደ ደን ይሄዳል። እዚያም መንገድ የጠፋባቸው ሁለት ነገሥታት በየተራ ያገኙታል። ሁለቱም ወደ ቤታቸው ሲመለሱ መጀመሪያ የሚቀበላቸውን እንደሚሰጡት ቃል ይገባሉ፤ ሁለቱንም የምትቀበላቸው ሴት ልጃቸው ትሆናለች። ቃሉን ያፈረሰው ንጉሥ ልጅ በእሾህ ተወግታ ትባረራለች። ቃሉን ያከበረችው ደግሞ ታገባዋለች።

የቴሌቪዥኑን ድርሰት የጻፈው እንግሊዛዊው አንተኒ ሚንጌላ ነበር። በዚያን ጊዜ የሚታወቀው በቲያትር ደራሲነቱ ነው፤ «ዘ ኢንግሊሽ ፔሸንት» በተባለው ፊልም የኦስካር የምርጥ ዳይሬክተር ሽልማት የወሰደው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። ሚንጌላ ተረቱን ሲነካካው በጣም ደፋር ነበር። ምኞቱን ከአባት ወስዶ ለእናት ሰጠ። ሁለቱን ነገሥታት አንድ አደረገ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሌላ የተረት ዘር ቀጠለበት፤ ይኸውም ባሏን ሌሊት በድብቅ ያየች ሴት ምስጢሩን በማውጣቷ የምታጣው፣ ከዚያም ፍለጋ አገር ለአገር የምትንከራተተው ነው። ይህ ታሪክ ከጥንታዊው የሮማ የኩፒድ እና የሳይኪ ተረት ጀምሮ በብዙ ሕዝቦች ዘንድ ይገኛል።

ስለዚህ በቴሌቪዥኑ ሃንስ ከሠርጉ በኋላ ሌሊት ሌሊት እሾሃማ ቆዳውን እያወለቀ መልከ መልካም ወጣት ይሆናል። ልዕልቲቱ ታየዋለች። ምስጢሩን ብትጠብቅለት ነጻ እንደሚወጣ ይነግራታል። እርሷ ግን ለእናቷ ትናገራለች፤ እናትም ቆዳውን እሳት ውስጥ እንድትጨምረው ትመክራታለች። ቆዳው ሲነድ የሃንስ ገላም አብሮ ይቃጠላል። እየጮኸም ይጠፋል። ልዕልቲቱ ሦስት ጥንድ የብረት ጫማ እስኪያልቅባት ድረስ ስትፈልገው ትኖራለች።

ሚንጌላ የተወው ነገርም አለ። በግሪም መጽሐፍ ሃንስ ቆዳው ከተቃጠለ በኋላ ከሰል መስሎ ይጠቁራል፤ ሐኪም በቅባት አጥቦ ነጭ ሲያደርገው ብቻ ሚስቱ ትደሰታለች። ዛሬ ይህን አንቀጽ የሚያነብ አፍሪካዊ ወላጅ ለልጁ ከማንበቡ በፊት ቆም ማለቱ አይቀርም። በቴሌቪዥኑ ቅጂ ይህ የለም፤ ባለመኖሩም የጎደለበት ነገር የለም።

የስሙ ነገርም ሊታለፍ አይገባም። በጀርመንኛው ርዕስ ውስጥ «የእኔ» የሚል ቃል አለ፤ አማርኛ ይህን በአንዲት ፊደል ይጨርሰዋል፤ «ጃርቴ»። በዝግጅቱ ውስጥ አባት ልጁን በንቀት ስም ሲጠራው፣ እናት ግን የእኔ እያለች ታቆላምጠዋለች። የልጁ ዕድል ሁሉ በእነዚህ ሁለት አጠራሮች መካከል የተወሰነ ይመስላል።

ከኪሳራ በኋላ የመጣ ሐሳብ

የዝግጅቱ ባለቤት ጂም ሄንሰን ነበር። በሞላላ አፋቸውና በክብ ዓይናቸው የሚታወቁትን «ማፔት» የተባሉ አሻንጉሊቶች የፈጠረ፣ «ሰሰሚ ስትሪት» በተባለው የልጆች ዝግጅትም ዓለም ያወቀው አሜሪካዊ ነው። ቀደም ሲል አሻንጉሊት በቴሌቪዥን ሲታይ ከነመጋረጃውና ከነትንሿ መድረኩ ነበር። ሄንሰን መድረኩን አስወገደው። የቴሌቪዥኑ መስኮት ራሱ መድረክ እንዲሆን አደረገ፤ አንቀሳቃሾቹም ከካሜራው እይታ በታች ተደብቀው፣ ተመልካቹ የሚያየውን ምስል በትንሽ ስክሪን ላይ እየተከታተሉ እንዲሠሩ አስለመደ። ከዚህ በኋላ አንድ አሻንጉሊት አንቀሳቃሽ እጁን ብቻ አልነበረም የሚያዘው። የፊቱን አቅጣጫ፣ የዓይኑን ትኩረት፣ ለካሜራው ያለውን ርቀት ሁሉ እንደ ተዋናይ መቆጣጠር ቻለ።

ይሁን እንጂ በ1986 ለሲኒማ የሠራው «ላብሪንዝ» የተባለ ፊልም ገንዘቡን ሳይመልስ ቀረ። ፍጡራኑን የሠራው በለንደን ሃምስቴድ ሰፈር የሚገኘው የሄንሰን ሥራ ቤት ግን ብርቅ የሆነ ሙያ አካብቶ ነበር። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ተረትን የተማረችው ልጁ ሊሳ ሄንሰን የአውሮፓን ጥንታዊ ተረቶች እንዲያነሣ ሐሳብ አቀረበች። ትልልቅ ፊልሞች ያልከፈሉትን ሙያ አጫጭር ተረቶች እንዲሸከሙት ተወሰነ ማለት ነው። ለመጀመሪያው ክፍል በዳይሬክተርነት የተመረጠው ስቲቭ ባሮን ሲሆን፣ ሙዚቃውን የደረሰችው ሬቸል ፖርትማን ነበረች። እርሷም ከዓመታት በኋላ «ኤማ» ለተባለው ፊልም በሠራችው ሙዚቃ ኦስካር አሸነፈች።

ሽማግሌው እና ውሻው

ተረት ነጋሪውን የተጫወተው ጆን ኸርት ነው። ለዚህ ሚና የተለጠፈለት ረጅም አፍንጫና ትልልቅ ጆሮ ፊቱን ከሰው ይልቅ ከደን ፍጡር ጋር ያቀራርበዋል። ሆኖም ኸርት በላስቲክ ውስጥ መተወን አዲሱ አልነበረም። በ1980 «ዘ ኤለፋንት ማን» በተባለው የዴቪድ ሊንች ፊልም፣ አካሉ በበሽታ የተዛባውንና በአውደ ርዕይ እንደ እንስሳ ይታይ የነበረውን የጆሴፍ ሜሪክን ሕይወት ተጫውቷል። በዚያ ፊልም ሜካፑን ለማድረግ ብቻ ሰባት ሰዓት ገደማ ይወስድ ነበር። ሥራው ያስነሣው አድናቆት የኦስካር አዘጋጆች በቀጣዩ ዓመት ለሜካፕ ራሱን የቻለ ሽልማት እንዲያቋቁሙ አድርጓል።

ሰው ሆኖ እንደ አውሬ የታየን ሰው በዚያ ጥልቀት የተጫወተ ተዋናይ፣ ከሰባት ዓመት በኋላ አውሬ መስሎ ስለተወለደ ልጅ ሲተርክ መስማት የተለየ ክብደት አለው። አዘጋጆቹ አስበውበት ይሁን አይሁን፣ ያን ፊልም ያየ ተመልካች በድምፁ ውስጥ ማዘኑን ይሰማል።

የኸርት አተራረክ ከልጆች ዝግጅት የተለመደ ቅላጼ የራቀ ነው። አያባብልም፤ ድምፁንም እያቀጠነ ሕፃን አይሆንም። የሚንጌላ ዐረፍተ ነገሮች በድግግሞሽና በዜማ የተሞሉ ናቸው፤ አንድ ቃል ሦስት ጊዜ ይመጣል፣ በሦስተኛው ግን ትርጉሙ ተለውጧል። ኸርት እነዚህን ድግግሞሾች አንዴ በሹክሹክታ፣ አንዴ በሳቅ፣ አንዴ ደግሞ ዓይኑን እሳቱ ላይ ተክሎ ያልፋቸዋል። ሰፊውን አፍንጫ ከምንም አይቆጥረውም፤ የሚሠራው በዓይኑና በድምፁ ነው። ለዚህ ነው ሜካፑ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሚረሳው።

ውሻው ባይኖር ኖሮ ግን ይህ ሁሉ ለብቻ የሚደረግ ንግግር ሆኖ በቀረ ነበር። ውሻውን ያንቀሳቀሰውም ድምፁን የሰጠውም የጂም ሄንሰን ልጅ ብራያን ሄንሰን ነው። ውሻው ተረቱን እንደ ልጅ ይሰማል፤ አንድ ነገር አስፈሪ ሊሆን ሲል አስቀድሞ ይረበሻል፣ የማይመስል ነገር ሲመጣ ይከራከራል። ተረት በአፍ ሲነገር እንዲህ ያለ አድማጭ ሁልጊዜ አለ። አማርኛ ተናጋሪው «ተረት ተረት» ብሎ «የላም በረት» የሚል መልስ ካልሰማ ተረቱን አይጀምርም። በቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠ ልጅ ለተናጋሪው መመለስ አይችልም። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከአርባ ዓመት በላይ ተረት የነገሩት አባባ ተስፋዬ ይህን ክፍተት የሞሉት ስቱዲዮ ውስጥ ከተቀመጡ ልጆች ጋር በመጫወት ነበር። የሄንሰን ዝግጅት መልስ ሰጪውን አሻንጉሊት አደረገው። መንገዱ ይለያይ እንጂ የተፈታው ችግር አንድ ነው።

አንድ ፍጡር፣ ብዙ ሰው

ወደ ሃንስ ስንመለስ ነገሩ ይወሳሰባል። ሃንስ በዝግጅቱ ውስጥ ሕፃን፣ ልጅ፣ አዋቂ አውሬ፣ በመጨረሻም ሰው ይሆናል። የሰውነቱን ገጽታ ያሳየው ጄሰን ካርተር የተባለው ተዋናይ ነው። አውሬው ግን የአንድ ሰው ሥራ ሊሆን አይችልም።

የሄንሰን ሥራ ቤት በዚያ ዘመን ይጠቀምበት የነበረው ዘዴ የሚከተለው ነው። መጀመሪያ የፍጡሩ ፊት በሸክላ ይቀረጻል፤ ከቅርጹም እንደ ስፖንጅ የለሰለሰ የላስቲክ ቆዳ ይወጣል። ፀጉሩና እሾሁ በእጅ ይተከላል። ከቆዳው ሥር ዓይንን፣ ቅንድብንና ከንፈርን የሚጎትቱ ትንንሽ ሞተሮችና ሽቦዎች ይቀበራሉ። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ልብሱን ለብሶ ይሄዳል፣ ይጎነበሳል፣ እጁን ይዘረጋል፤ ሌሎች ደግሞ ከውጭ ሆነው በሬዲዮ መቆጣጠሪያ ፊቱን ያንቀሳቅሳሉ። ድምፁ ከሌላ ሰው ሊመጣ ይችላል። በ«ላብሪንዝ» ውስጥ ሆግል የተባለው ድንክ የተሠራው እንዲህ ነበር፤ አንዲት ተዋናይት ከውስጥ ሆና ስትንቀሳቀስ፣ ብራያን ሄንሰንን ጨምሮ ሌሎች ፊቱን ከውጭ ይመሩ ነበር።

ችግሩ እነዚህ ሁሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ማዘን አለባቸው። ልብሱን የለበሰው አንገቱን ሲደፋ፣ ቅንድቡን የያዘው ሰው ግማሽ ሰከንድ ቢዘገይ ተመልካቹ የሚያየው ማሽን ነው። በአንድ ላይ ሲገጥም ግን ማንም ስለ ሽቦው አያስብም። ከሙያው ውጭ ያለ ሰው ይህን የሚረዳው ምናልባት በደቦ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ እጅ አንድ ምት ይዞ ሲወርድ ነው ሥራው የሚያምረው።

ከአሻንጉሊት ጋር የሚተውኑ ሰዎች ድርሻ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። አባትየውን የተጫወተው ኤሪክ ሪቻርድ፣ ንጉሡን የሆነው ዴቪድ ስዊፍት፣ ልዕልቲቱን የተጫወተችው አቢጌል ክራተንደን ፊት ለፊታቸው ያለው ላስቲክና ሽቦ መሆኑን ያውቃሉ። ሆኖም ከእነርሱ አንዱ እንኳ ለአፍታ ባይቀበለው፣ ተመልካቹም አይቀበለውም። የአባትየው ጥላቻ ከልብ ስለሚመስል ልጁ ከልብ የተጠላ ይመስላል። ክራተንደን ደግሞ የበለጠ ከባድ ሥራ አለባት። መጀመሪያ ፍርሃትን፣ ቀጥሎ ግዴታን፣ ከዚያ የማወቅ ጉጉትን፣ በመጨረሻም ጸጸትን በደቂቃዎች ውስጥ ማሳየት ነበረባት። ይህን ያደረገችው ብዙ ሳትናገር ነው፤ ንግግሩን አብዛኛውን የወሰደው ሽማግሌው ነውና።

ጥላ የሚሠራው ሥራ

የዝግጅቱ መልክ የተወለደው ከምድጃው ነው። ብርሃኑ ዝቅ ብሎ፣ ወርቃማ ሆኖ፣ ከአንድ አቅጣጫ ይመጣል፤ የአዳራሹ ማዕዘኖች በጨለማ ይዋጣሉ። ከዚያ ጨለማ ውስጥ ተረቱ ይወጣል። አንዳንዴ የተረቱ ሰዎች እንደ ወረቀት የተቆረጡ ጥቁር ጥላዎች ሆነው ያልፋሉ። አንዳንዴ ጥላው ሥጋ ለብሶ ተዋናይ ይሆናል። ከሽማግሌው ወደ ተረቱ፣ ከተረቱ ወደ ሽማግሌው የሚደረገው ሽግግር እንደ ተራ የፊልም ቅጥልጥል አይሰማም፤ ሁለቱ ዓለሞች በአንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ይመስላሉ።

ይህ ከስቲቭ ባሮን የቀድሞ ሙያ ጋር ይያያዛል። ባሮን የሙዚቃ ቪዲዮዎች ዳይሬክተር ነበር፤ የማይክል ጃክሰንን «ቢሊ ጂን» የሠራው እርሱ ነው። በ1985 ለኖርዌዩ አ-ሃ ቡድን በሠራው «ቴክ ኦን ሚ» ደግሞ በእርሳስ የተሳለ ወጣት ከወረቀት እጁን ዘርግቶ አንዲትን ሴት ወደ ሥዕሉ ውስጥ ይስባታል። ሥዕል ሕይወት ሲዘራ፣ ሕይወት ወደ ሥዕል ሲመለስ ማሳየት የሚችልበትን ዘዴ ወደ ተረቱ ያመጣው ከዚያ ነው። ጥላውን በተመለከተ ደግሞ አውሮፓ የቆየ ልማድ ነበራት። ጀርመናዊቷ ሎተ ራይኒገር ወረቀት በመቀስ እየቆረጠች የሠራችው «የልዑል አህመድ ጀብዱ» የተባለው የጥላ ፊልም በ1926 ነው የታየው።

ጥላው ወጪም ይቆጥባል። ሠራዊት፣ ከተማ ወይም ደን መገንባት ሳያስፈልግ ቅርጹን ብቻ ማሳየት ይቻላል። ሆኖም ቁጠባው ለተረቱ የሚስማማ ቁጠባ ነው። ተረት በአፍ ሲነገር አድማጩ ደኑን ራሱ ይተክለዋል። በዘመኑ የነበሩ በርካታ የቅዠት ፊልሞች ሁሉን ነገር በደማቅ ብርሃን አሳይተው ለተመልካች የሚሠራው ሥራ አላስቀሩለትም፤ ዛሬም በኮምፒውተር የተሞሉ ዝግጅቶች ይህን ስሕተት ይደግሙታል። «ሃንስ ጃርቴ» በብዙ ቦታ ከሚያሳየው ይልቅ የሚደብቀው ይበልጣል። ሃንስ ራሱ ለመጀመሪያ ጊዜ በአውራ ዶሮ ተቀምጦ ሲታይ ምስሉ ሊያስቅ ይችል ነበር። የማያስቀው ደብዛዛው ብርሃን የዶሮውንና የጋላቢውን ቅርጽ አንድ ስላደረገው ነው።

ንድፉና ትወናው ይበልጥ የሚገናኙት ቆዳው በሚቃጠልበት ትዕይንት ነው። እስከዚያች ቅጽበት ድረስ እሳት የሽማግሌው ወዳጅ ነበር፤ ሙቀትም ተረትም የሚሰጥ። አሁን ልዕልቲቱ የባሏን ቆዳ የምትጥልበት ይሆናል። ያው ወርቃማ ብርሃን፣ ያው ምድጃ። ተመልካቹ ከመጀመሪያው ሲመቸው የነበረው ነገር ድንገት አስፈሪ ይሆንበታል። በዚህ ላይ ቆዳው ብዙ ሰዎች በእጃቸው እሾህ በእሾህ የተከሉት ዕቃ መሆኑን ያወቀ ሰው፣ እሳቱን ሲያይ ተጨማሪ ነገር ይሰማዋል።

የመጨረሻው ለውጥ ግን ሁሉን ተመልካች አያረካም። ልዕልቲቱ ሃንስን አግኝታ አጥብቃ ስትይዘው እርሱ ለዘለቄታው ሰው ይሆናል። ጄሰን ካርተር መልከ መልካም ነው፤ ጥፋት የለበትም። ቢሆንም ተመልካቹ ሃያ ደቂቃ ያህል የወደደው እሾሃሙን ነው። በአውሬና በሙሽራ ተረቶች ሁሉ ይህ ቅሬታ አለ፤ ውስጡን እዩ ብሎ የጀመረ ታሪክ በመጨረሻ ውብ ፊት ይሸልማል። ሥራ ቤቱ አውሬውን ይህን ያህል ባያሳምረው ኖሮ ቅሬታው ባልተነሣም ነበር። ሌላም ጥያቄ አለ። ምስጢር የጠየቀው እርሱ፣ ምክር የሰጠችው እናት ሆና፣ ሦስት ጥንድ የብረት ጫማ የሚያልቀው በልዕልቲቱ እግር ነው። ሚንጌላ ይህን አልፈታውም፤ ሸክሙን በክራተንደን ደካማ እርምጃ ላይ ትቶታል።

ሽልማት ያገኘ፣ ተመልካች ያላገኘ

ዘጠኙ ክፍሎች ተሠርተው ቢያልቁም በአሜሪካ በመደበኛ ሰዓት በየሳምንቱ አልታዩም። የተወሰኑት በ1989 «ዘ ጂም ሄንሰን ሀወር» በተባለው ዝግጅት ውስጥ ገብተው ቀረቡ፤ ያም ዝግጅት በተመልካች ማነስ ብዙም ሳይቆይ ተቋረጠ። ጂም ሄንሰን በሜይ 16 ቀን 1990 በ53 ዓመቱ አረፈ። በዚያው ዓመት በማይክል ጋምበን ተራኪነት የግሪክ አፈ ታሪኮችን የያዙ አራት ክፍሎች ተጨመሩ፤ ከእነርሱ በኋላ አዲስ አልተሠራም። ጆን ኸርት በ2017 ሕይወቱ አልፏል።

ሙያው ግን አልጠፋም። በ2019 የሄንሰን ኩባንያ ከኔትፍሊክስ ጋር «ዘ ዳርክ ክሪስታል፦ ኤጅ ኦፍ ረዚስታንስ» የተባለ አሥር ክፍሎች ያሉት የአሻንጉሊት ድራማ ሠራ። ይህም በ2020 በዚያው በልጆች ዝግጅት ዘርፍ ኤሚ አሸነፈ። ሽልማቱ በታወቀበት ሰሞን ግን ሁለተኛ ምዕራፍ እንደማይኖረው ተነገረ። በእጅ የሚሠራ ፍጡር ብዙ ሰው፣ ብዙ ጊዜና ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል። ሽልማት ሰጪዎች ይወዱታል፤ ሒሳብ ያዦች ግን ይፈሩታል።

ይህ የገንዘብ ጥያቄ በምሥራቅ አፍሪካ በሌላ መልክ መጥቷል። ኔትፍሊክስ እና የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ዩኔስኮ ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች ባካሄዱት ውድድር ከሁለት ሺህ በላይ ሐሳቦች ቀርበው ነበር። ከእነዚህ የኬንያን፣ የኡጋንዳንና የታንዛኒያን ሥራ ጨምሮ ስድስት አጫጭር ፊልሞች ተመርጠው በማርች 2023 ለእይታ በቁ። ለእያንዳንዱ ፊልም ማሠሪያ የተመደበው 75 ሺህ ዶላር ነበር። እንዲህ ባለ በጀት አንድ የፍጡር ሥራ ቤት ለዓመታት ማቆየት አይታሰብም። ስለዚህ ዳይሬክተሮቹ ተአምሩን ከመልክዓ ምድሩ፣ ከአልባሳቱ እና ከተዋንያኑ ፊት ማውጣት ነበረባቸው። ኡጋንዳዊው ሉክማን አሊ ከጋብቻ ውጭ ያረገዙ ልጃገረዶች ይጣሉበት የነበረውን የቡንዮንዪ ሐይቅ ደሴት ታሪክ አነሣ፤ ይህ ቅጣት በአያቶች ትውስታ ውስጥ ያለ እውነት እንጂ ተረት አልነበረም።

ከስድስቱ ለሃንስ በጣም የምትቀርበው ግን የታንዛኒያዊው ዋልት ምዜንጊ ኮሪ «ካቶፔ» ናት። ስሟ ጭቃ ማለት ከሆነው «ቶፔ» የመጣ ነው። ካቶፔ ከአፈር በተአምር የተገኘች ልጅ ናት፤ ድርቅ ያደቀቀውን ማኅበረሰቧን ለመታደግ ጉዞ ትጀምራለች፤ ጉዞው ሕይወቷን ሊያስከፍላት ይችላል። እዚህ እሾህ የተተከለበት ላስቲክ፣ ቅንድብ የሚጎትት ሞተር የለም። ፍጡሯ አንዲት ትንሽ ተዋናይት ናት። መንደሩ ሁሉ ቀና ብሎ ዝናብ ሲለምን፣ ከአፈር ለተሠራች ልጅ ዝናብ ምን ማለት እንደሆነ ተመልካቹ በፊቷ ላይ ያነበዋል።